የሙት ዓመትህን ዳቦ ለማን ሰጠሁት

ይድረስ፣ ብጠይቀው መልስ ለማይሰጠኝ ለባለቤቴ ለጌታቸው።

ጌችዬ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አንተ በሰላም እንዳረፍክ አምናለሁ፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሰሞኑን ምግብ አልወርድ ብሎኛል። የገዛ ልጄ ናቲ አስጠልቶኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቤቱ ያው ነው፣ እዚሁ በሰው አገር፣ ሳክሲ ከተማ እንዳለን ነን። መኪናህን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት፣ አትቀየመኝ።

ናቲ ያ ፍራተርኒቲ የሚሉት የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ልግባ ያለን ቀን ትዝ ይልሃል? አዲሰን ከተማ ተሳፋሪ አድርሰህ መግባትህ ነበር፤ ጫማህን እንኳ አላወለቅክም። ክርስቲያኖች ናቸው፣ ስብሰባ የሚከፍቱት በጸሎት ነው አለን። አንተ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቅክ፤ ጸሎት ካላቸው መሐላቸውን ለምን ይደብቁታል አልክ። ዝም ያሰኘሁህ እኔ ነኝ። ልጁ ወንድም የለው፣ እህት የለው፣ አንተስ የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞችህ ባይኖሩ ምን ይውጥህ ነበር አልኩህ። እኔ ሞኟ፣ በየወሩ ተራ ገብተው ጽዋ የሚጠጡ፣ የታመመ የሚጠይቁ መስሎኛል!

ይባስ ብሎ የናቲ ማኅበርተኞች ቀብርህ ላይ መጡልኝ። ስምንት ልጆች አንድ ዓይነት ከረባት አስረው ሬሳህን ተሸከሙ። እያለቀስኩ መረቅኳቸው። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሁለት ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፤ ቄሱ ከባረኩት በኋላ አንዱን ለወንድሞችህ ውሰድላቸው ብዬ ለናቲ ሰጠሁት።

ባለፈው ወር ፎቶ ላሳይሽ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ጣቴ ሲነካው ቪዲዮ ከፈተ። ሦስት አዲስ ገቢዎች እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ፣ ተንበርክከው፣ ቢራ ከፈሰሰበት ወለል ላይ ዳቦ በአፋቸው ይለቅማሉ። እንደ ውሻ ጩኹ ይሏቸዋል፣ ይጮኻሉ። አንዱ አስመለሰው፤ ሳቁበትና እንደገና አጎነበሱት። ዳቦው የኔ ነው፣ ከሥሩ ያለው ኮባ እንኳ አልተላጠም። ከካሜራው ጀርባ የቄሱን ድምፅ እያስመሰለ አቡነ ዘበሰማያት የሚለው ደግሞ የኛው ልጅ ነው፤ የነሱ ጸሎት መሪ፣ አንተ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ያስጠናኸው። ትፍ!

ማሚ ኖርማል ነው፣ ትራዲሽን ነው፣ ማለቴ ሁላችንም አልፈንበታል አለኝ። አንተም ወይ ስለው እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ለካ በመጀመሪያው ዓመት ባስኬት ስጫወት ወደቅኩ ያለን ጉልበቱ ይሄ ኖሯል! አጥቤ ቫዝሊን የቀባሁለት እኔው ነኝ። ላለቅስለት ይገባኝ ነበር፣ እንባ ግን አልመጣልኝም። ራሱ የቀመሰውን ለሌላው ማጉረሱ ነው ያንገሸገሸኝ።

ከማኅበሩ ውጣ አልኩት። አባቴን የተሸከሙትን እንዴት እከዳለሁ አለኝ። ስብሰባ ሲከፍትም በጸሎቱ መሀል ስምህን እንደሚጠራ ነገረኝ፤ ደስ የሚለኝ መስሎት እኮ ነው። እዚያ ቤት ስምህን እንዳይጠራ ከለከልኩት። ክርስትናውም ማኅበሩም አብሮ ይሄዳል፣ አታጋጪያቸው ይለኛል። እኔ ማኅበር አልጠላሁም ጌችዬ፣ ታውቀኛለህ። አንገት ላይ ማዕተብ አስሮ የሰው ልጅን እንደ ውሻ ማስጮህ ነው ያልገባኝ።

ትናንት ደወለ። ሌላ ዙር ልጆች እንደገቡ፣ ተራቸው ደርሶ እንደነበር፣ እሱ ግን በዚህኛው እንዳልቀረጸና እንዳልሳቀ ነገረኝ። ድምፁ ምርቃት የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም ልመርቀው ነበር እኮ! ታዲያ አንተ የት ነበርክ አልኩት። ማንም እንዳይወጣ በሩን ይዤ ነበር አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት።

አንተን የምረሳበት ቀን አይምጣ። ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር ስምህን ካረፉት ጋር፣ የእሱን ከሕያዋን ጋር አስጠራለሁ፤ አልተወውም፣ ልጄ ነው። ያንተ ስም ሲጠራ አለቅሳለሁ። የሱ ሲጠራ ግን ያቅለሸልሸኛል።

ባለቤትህ