ከወይራው ሥር የቀረሁበት ቀን

ለውድ እህቴ ለዋጋዬ፣

እንዴት ከርመሻል? የባሕር ዳር ወባ አልነካሽም ወይ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ፣ የፋብሪካው ሥራሽስ? እኛ ከእናታችን መጉደል በቀር እመብርሃን ጠብቃናለች። ሕፃኑ ወንድማችን ስማቸውም የጎረቤታችንን የእትዬ ስሜነሽን ጡት ይዞ ወፍሯል።

አባታችን የሚልኩልሽን ደብዳቤ እየነገሩኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን ግን አያውቁትም። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ክረምቱ አግዶሽ በቀረሽበት በእናታችን አርባ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቀሚሴ ላይ ደም አየሁ። ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል። እናታችን ስማቸውን ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ስትሄድ አይቻለሁና የኔም ቀን ደረሰ አልሁ። ደም የፈሰሰው ሰው ደጁን አያልፍምና ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ቀረሁ። ፍትሐቱ ሲደርስ የኔም ጭምር መሰለኝ።

አባታችን ሲወጡ አዩኝ። በሰው ፊት «የወለደችሽን ለመሰናበት እግርሽ ከበደሽ?» አሉኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላቸው ተከተልሁ። ከዚያ ወዲያ ራት ሳቀርብላቸው ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም ሞቴን እየጠበቅሁ ስማቸውን ለማቀፍ ፈራሁ።

ፍልሰታ እንደገባ፣ እናታችንን ያዋለዱት እማማ ማናለብሽ ምንጭ ዳር ጨርቅ ሳጥብ አገኙኝ። ልደብቀው ብል ውሃው ቀልቷል። «አንቺ ልጅ፣ በጾም በግ ያረድሽ መስሎኝ!» ብለው ሳቁ። «እንደ እናቴ ልሞት ነው» አልኋቸው፣ እያለቀስሁ። ሳቃቸውን ተዉት። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በአገውኛ ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ የወር አበባ ነው፣ ለሴት ሁሉ ይመጣል፣ ይሄዳልም አሉ።

«እንግዲያ አልሞትም?» ብላቸው «ትሞቻለሽ እንጂ፤ እኔስ መች እቀራለሁ? በዚህ ግን አይደለም። እናትሽ እጄ ላይ ከሄደች ወዲህ እኔም እጄን ማየት ፈርቻለሁ» አሉኝ። ትልቅ ሰው እንደሚፈራ አላውቅም ነበር። ሴት መሆን እንዲህ ከሆነ ባል የሚባል አልፈልግም አልሁ። «ሽማግሌ ደጅ ቆሟል እንዴ? መጀመሪያ ጨርቅሽን ጭመቂ!» አሉኝ።

ስንመለስ «የቀረሽበት ወይራ የእናትሽም መቆሚያ ነበር» አሉኝ። እህቴ፣ አንዳንድ እሑድ እናታችን ውጭ ስትቀር እግሯን ያመማት ይመስለኝ ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር?

በማግሥቱ እቤት መጥተው ለአባታችን ያንኑ ነገሯቸው፤ «ልጅዎ የቆመችው እናቷ በምትቆምበት ነው።» ይህን ብለው ወጡ። አባታችን መሬት መሬት አዩ። ተነሥተው የእናታችንን ነጠላ ከሣጥን አውጥተው አጠገቤ አኖሩና ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። ማወቃቸው አሳፍሮኝ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድሁ። ነጠላውን ግን ለበስሁት፤ ስማቸውንም አቀፍሁት።

እማማ ማናለብሽ ሰላም ብለውሻል። እትዬ ስሜነሽም ደህና ናት። ስማቸው ስምሽን ስጠራለት አፌን ያያል። አባታችን ይህን ደብዳቤ ባያውቁትም ሰላም ይሉሻል።

ከፋብሪካው ቁራጭ ጨርቅ ካገኘሽ ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ ግን አደራ አትጻፊ፤ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ለአባታችን የማነበው እኔ ነኝ።

ታናሽ እህትሽ ሸጋ
ዘንገና አጠገብ፣ እንጅባራ
ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.