ጎመኑ ላይ የጨመርኩት ጨው

ማርኬ፣ የእኔ ሰው፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሊሞላ ነው። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ልጃችን ምሕረት ከቴፒ እየመጣች ትለቅምልኛለች። ተደግፈህ የምትተኛባቸውን ሦስት ትራሶች አጥቤ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቻለሁ። የምትመዘንበትን ሚዛን ግን ከአልጋው ሥር አላወጣሁትም። የዚያች ነርስህ እጅ የነካው ነገር ነዋ።

ቀናተኛ መሆኔን ታውቃለህ። ገበያ ላይ ለሴት ሰላምታ ስታስረዝም ፊቴ ይጠቁር ነበር፤ አንተም ትስቅብኝ ነበር። እንደ ሲስተር ራሔል ያንገበገበችኝ ግን የለችም። ሰው ቢሰማ ያፍርብኛል፤ በልጃችን ዕድሜ ባለች፣ ያውም ሳትታክት ሳትሰለች ባስታመመችህ ነርስ መቅናቴን።

ያ ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥሎህ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ልብህ ስለደከመ ሰውነትህ ውኃ እንደሚያጠራቅም ነገሩን። እሷም ጎረቤታችን ናትና በየሦስት ቀኑ እየመጣች ታይህ ጀመር። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቡና ስትመዝን ኖረህ፣ በየጠዋቱ ቁርስ ሳትቀምስ ሚዛን ላይ ውጣ ስትልህ እንደ ተማሪ እሺ አልካት። የምትጠጣውን ውኃ በጆግ ለካች፤ ጨው ከለከለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ለምኜህ ያልተውከውን ሲጋራ፣ እሷ አንድ ቀን ተናግራ ተውከው።

ከሁሉ የባሰብኝ ቤንችኛችሁ ነበር። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ሚዛን ከተማ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄም የእናትህን ቋንቋ ከሰላምታ አላለፍኩም። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ ቅር ብሎህ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። እሷ እብጠቱን ለማየት እግርህን በአውራ ጣቷ እየተጫነች በቤንችኛ ስታወራህ ግን ድምፅህ ይለወጣል፤ እኔ የማላውቀው ወጣት ትሆናለህ። ትስቃለህ። እኔ ትሪ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ሎሚና ኮረሪማ ያለበት፣ ጨው ያልነካው ጎደሬ ቀቅላ አመጣችልህ። ጠራርገህ በላህ። የእኔ ጎመን ግማሹ ተመለሰ። በነጋታው ጎመኑ ላይ ጨው ጨመርኩ። ረስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው። ሳህኑን ጨርሰህ እጅሽ ይባረክ ስትለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ሁለት ቀን ደገምኩት።

በአራተኛው ጠዋት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ጨመረ። እግርህ ላይ የአውራ ጣቷ ጉድጓድ አልሞላ አለ፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ አጠረህ። በቤንችኛ ጠየቀችህ፤ ረጅም ነገር መለስክላት፤ መጨረሻ ላይ ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እሷም ቀና ብላ አየችኝና ሆስፒታል ይዛህ ሄደች። ውኃው በመድኃኒት ወጣ፤ ተመለስክልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ግን ልብህ ድንገት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያ ጎመን ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ቆየ።

ባለፈው ወር ራሔል ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ታውቀው ኖሯል። ያን ጠዋት አንተው ነግረሃታል፤ ጨው መግባቱን በመጀመሪያው ጉርሻ ማወቅህን፣ የእጄ ጣዕም ናፍቆህ ዝም ብለህ መብላትህን። እንዳትቆጣኝም ለምነሃታል። የሳቃችሁትም በቅናቴ ነው። ልብህ መጀመሪያውኑ ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር፣ የገደለህ ያ ጨው እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ግማሹን አመንኳት።

አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ደግሞ ቀናሁ። ይቅር ማለትህን ለምን ለእሷ ነገርካት? ለእኔ በአማርኛ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ይኸው ሦስት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ አንተ ይቅር ብለኸኝ እኔ ሳላውቅ።

አሁን እሁድ እሁድ ራሔል ቤንችኛ ታስተምረኛለች። ምላሴ አልታዘዝ ይላል፤ እሷም ሳቋን ትውጣለች። ለሙት ዓመትህ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ ይቅርታዬን በእናትህ ቋንቋ እነግርሃለሁ። የተማርኩትን አንዲት ቃል አልረሳም፤ አንተንም አልረሳህም። ብሳሳት ሳቅብኝ። የዚያን ቀን ግን የምትስቀው ከእኔ ጋር ነው።

ያንተው ቀናተኛ፣
አልማዝ