ላፕቶፑን አልሸጠውም

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካዎ የሚነሳው ወገብዎ ተወዎት ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሱ ግድግዳ ያስይዝዎታል? የእምዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ነገ፣ ነገ» እያለች ትሸውድዎታለች? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እጄም ዓይኔም ደህና ነው፤ ምላሴም እንደሚያውቁት ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ። በስልክ ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ አንድ ቃል ሳልጨርስ «ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚኝ» ይሉኛል፤ እኔም እሰማለሁ፤ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን አያቋርጥም። ስለዚህ ዛሬ እሁድ ጠዋት ልብሴን አጥቤ አስጥቼ፣ በዚያው በተቀያየምንበት ላፕቶፕ እየጻፍኩልዎ ነው። ነገ ማተሚያ ቤት አሳትሜ እልከዋለሁ። ነገር ሳላስረዝም ፍሬውን ላስቀድምልዎ፦ አልሸጠውም።

የአክስታችን ልጅ፣ ሹፌሩ፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ያየውን ነግሮዎታል። ያየው እውነት ነው፤ የነገረዎት ግን ግማሹን ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ እኔና አብራኝ ቤት የተከራየችው ነርስ አልጋዬ ላይ ተቀምጠን ጌም እየተጫወትን ነበር። ቀስት ይዤ ጭራቅ እያሳደድኩ ነበር። ነርሷ ከጎኔ ሆና «በግራሽ ነው! በግራሽ!» ትላለች፣ እኔ እወረውራለሁ። እንግዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ቀና ብዬ «ግባ» እንኳን አላልኩትም። ለዚህ ጥፋተኛ ነኝ፤ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። እሱ ግን እርስዎ ዘንድ ሲደርስ «አርባ ያለፋት ሴትዮ እንደ ሕፃን ጌም ላይ ተደፍታ አገኘኋት» ብሎ ነገሩን ጎማ እንደሚነፋ ነፋው። እርስዎም «ዕድሜ ሰጥቶሽ ልብ ነሳሽ፤ ሽጪውና የራስሽን የልብስ ስፌት መኪና ግዢበት» ብለው ጻፉልኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ በዚህ ስፌት ቤት አሥራ አንድ ዓመት እጅጌ ሰፍቻለሁ። ሸሚዝ አላልኩም፤ እጅጌ። ኮሌታው የሌላ ሰው ነው፣ ኪሱ የሌላ ሰው ነው፣ የእኔ እጅጌ ነው። ከእኛ አዳራሽ ማዶ መስኮት ያለው አንድ ክፍል አለ፤ እዚያ ያሉት ፓተርን ይሠራሉ፣ ማለትም ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የልብሱን ልክ ይነድፋሉ። ዱሮ በወረቀትና በእርሳስ ነበር፤ አሁን በኮምፒዩተር ሆኗል። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በምወጣባቸው ቀናት የሙያ ትምህርት ቤት የተመዘገብኩት እዚያ ክፍል ለመግባት ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ለሠላሳ ተማሪ ስድስት ኮምፒዩተር ነው ያለው። ወጣቶቹ ሮጠው ይይዛሉ፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ የሰው ጀርባ እማራለሁ። የገዛሁት ለዚህ ነው።

ሱቅ ስሄድ ሻጩ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር አውጥቶ «ለእናቶች ይቺ ትበቃለች፤ ፊልም ታሳያለች» አለኝ። መምህሩ የጻፈልኝን ወረቀት ዘረጋሁለትና «ፊልም አላልኩም፤ ግራፊክሱ ጠንከር ያለ፣ ስዕል የሚችል» አልኩት። «ለልጅሽ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» አልኩት። ከመደርደሪያው ታች ለተማሪና ለጌም ተጫዋች ከሚሆኑት ውስጥ ርካሹን ጎትቶ አወጣልኝ። ፊደሎቹ ከሥራቸው ቀይ መብራት አላቸው። እንደዚያ ያለ ነገር በስሜ ገዝቼ አላውቅም ነበር።

እርስዎ «ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ ነውሩን ጠይቁ» ይሉን አልነበር? ነውሩን ከእኔ ይስሙት፣ ከሹፌር አይስሙት። ክብደቱ እንደ ሕፃን ነው፤ ታቅፌው ትምህርት ቤት ስደርስ ትከሻዬ ይዝላል። ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ በአንድ እጅ ከከፈቱት ይጣመማል። ባትሪው ሰባት ሰዓት ይቆያል ብሎኝ ነበር ሻጩ፤ ስነድፍበት ሦስት ሰዓት፣ ጌም ስከፍት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ቀለሙ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው አንድ ይመስላሉ፣ ይህ ደግሞ ጨርቅ ለምታውቅ ሴት ስድብ ነው። ለቀለም ሁልጊዜ ናሙናውን ጨርቅ አጠገቤ አስቀምጣለሁ።

ደግነቱን ደግሞ ልንገርዎ። ሲከፍቱት ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ይነሳል። ፊደሉ ጣት ይቀበላል፤ የእኔ ጣት ወፍራም ነው፣ ግን አይምታታብኝም። የፓተርኑን ፕሮግራም ሳያቃስት ይሸከማል። የሰፈራችን ጠጋኝ ሆዱን ከፍቶ ሚሞሪ ጨመረልኝና ከዚያ ወዲህ ይብስ ፈጠነ። ጌሙንም የስዕሉን ጥራት መካከለኛ ላይ ካደረጉለት ደህና አድርጎ ያጫውታል፤ ጭራቆቹ በብዛት ሲመጡ ብቻ ይደናቀፋል። ምን ያድርግ፣ እኔም እደናቀፋለሁ።

ጌሙ እንዴት እንደገባ ይስሙ። እጄ መርፌ የለመደ እጅ ነው፤ በጨርቅ ላይ ስህተት አያውቅም። ማውስ ሲይዝ ግን እንደ ሰካራም ይወላገድ ነበር። እጅጌ የሚገጠምበትን የብብት ቅርጽ ለመሳብ ስነሳ መስመሩ ተራራና ገደል ይሆንብኛል። አንድ ቀን አልቅሼ ላፕቶፑን ስከድነው ነርሷ አየችኝና «እኛ መርፌ መውጋት ስንማር መጀመሪያ ብርቱካን ላይ ነው የተለማመድነው። አንቺም ብርቱካን ያስፈልግሻል» አለችኝ። ጌሙን የጫነችልኝ እሷ ናት። በሁለት ወር ውስጥ የምትሮጥ ጭራቅ ግንባሯን የማልስት ሆንኩ፤ የብብት መስመሬም እንደ ክር ቀጥ አለ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። መምህራችን አንድ ሸሚዝ ከትንሽ እስከ ትልቅ በአምስት የልክ ቁጥር ነድፈን እንድናመጣ አዘዘን። ሦስት እሁድ ፈጅቶብኝ ጨርሼ ወሰድኩ። መምህሩ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው፣ አየውና በክፍሉ ሁሉ ፊት «ይሄን ማን ሠራልሽ?» አለኝ። «እጄ» አልኩት። «ጎረቤት ነው? ዘመድ ነው? ንገሪኝ፤ በዚህ ዕድሜ የመጣ ሰው በሦስት ወር እንዲህ አይሠራም» አለ። ከኋላ ሳቁ። ወንድም ጋሼ፣ ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ዱሮ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ ወጥቼ ሽንት ቤት ነበር የማለቅሰው። አሁን ግን «መምህር፣ ምስክር አልጠራም፤ እዚሁ ፊትዎ ልሥራው» አልኩት። እሱም «እንግዲያስ አሁኑኑ፤ ሁለት ሰዓት አለሽ» ብሎ ሠርቼው የማላውቀውን ነገር አዘዘኝ፦ የልጅ ጃኬት፣ ባለ ኮፍያ።

የሚሠራው ሶኬት ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያለው ብቻ ስለነበር ሁሉም ከጀርባዬ ሆኖ ያየኛል። ጀመርኩ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ሲጮህ አንዱ «አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው» አለ፤ እንደገና ተሳቀ። ሳልዞር መሥራቴን ቀጠልኩ። ከጀመርኩ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆነኝ፣ ኮፍያውን እየጨረስኩ ሳለ፣ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሙቀቱ ነው ያጠፋው፤ ሆዱን ብነካው እንደ ካውያ ያቃጥላል። መምህሩ ሰዓቱን አይቶ «በቃ፣ ተነሺ» አለኝ። «ሰዓቴ አላለቀም» አልኩት። ከቦርሳዬ ሁለት የክር ጥቅል አውጥቼ ከኋላው ሥር አቆምኩለት፣ መስኮቱን ከፈትኩና አየር እስኪያገኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሲነሳ ጃኬቱ አለ፣ ኮፍያው የለም። ያላስቀመጥኩት ጠፍቷል። እንደ አዲስ ነደፍኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተሻለ። ወደ እጅጌው ስደርስማ ማንንም አልጠየቅኩም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጅጌ የት ላይ እንደሚይዝ፣ የት ላይ እንደሚሸበሸብ ጣቴ ያውቀዋል። ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረኝ ማውሱን አስቀመጥኩ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ እጅጌውን ከብብቱ ጋር ለካ፤ ኮፍያውን ከአንገቱ ጋር ለካ፤ እንደገና ለካ። ቀስ ብሎ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ደህና ነው» አለኝ። እኔ ግን «መምህር፣ ክሱን በሰው ፊት ተናግረውታል፤ ፍርዱንም በሰው ፊት ይናገሩት» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ሥራው የራሷ ነው። እኔ ተሳስቻለሁ» አለ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያገኘኝ ቀድሞ ሰላም ይለኛል። የሳቀው ልጅም አሁን ኮሌታ አስተምሪኝ ይለኛል። አስተምረዋለሁ።

ውጤቴን ለስፌት ቤቱ አለቃችን አሳየኋት። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ነኝ፤ የቀሩትን ቀናት እጅጌዬን እሰፋለሁ። እንግዲህ የስፌት መኪና ግዢ ያሉኝን አስቤበታለሁ፤ ምክርዎ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን የስፌት መኪናው ካለሁበት ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። እኔ ደግሞ ከወንበሩ መነሳት ፈልጌያለሁ።

ስለ ጌሙ ግን አልዋሽዎትም። «የምጫወተው ለትምህርት ብቻ ነው» ብልዎ ደስ ይልዎት ነበር። ለትምህርት ጀመርኩት እንጂ አሁን የምጫወተው ስለምወደው ነው። እጄ ከተማረ ቆየ፤ ጭራቆቹን ግን አልተውኳቸውም። አባባ ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሥራ የተቀመጥኩበት ቀን አላስታውስም። እርስዎም እንዲሁ ነዎት፤ ወገብዎን የበላው እሱ ነው። አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ እሁድ አንድ ሰዓት ብጫወት የማንን ጊዜ ሰረቅኩ? ሰው ይስቅ። የሚስቅ ሰው ጥርሱን ከማሳየት በላይ ምንም አያደርገኝም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ «ትልቋ ልጄም አንቺን ሰምታ ላፕቶፕ፣ ኮምፒዩተር ትለኛለች፤ አንቺ ነሽ ያበላሸሻት» ብለዋል። ይህን እንኳን አልክድም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እኔ ይላኳት፤ አልጋዬ ሰፊ ነው። ጌም ብቻ ተጫውታ ከተመለሰች ይቆጡኝ። አንድ ነገር ይዛ ከመጣች ደግሞ፣ እርስዎ እውነተኛ ሰው ነዎት፣ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

እምዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ ሲያነቡላት የማይጥምዎትን እንዳይዘሉ፤ ደውዬ አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ። ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ፤ ለላከችልኝ ሹራብ አመሰግናለሁ፣ እጅጌው ትንሽ አጥሯል፣ ስሠራበት ግን አያስቸግረኝም። ትንሹ የጠየቀኝን ኳስ በሚመጣ ሰው እልክለታለሁ ይበሉት። የአክስታችንን ልጅ ሹፌሩንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ሲመለስ በሩን ያንኳኳና ይግባ፣ አንድ ዙር አጫውተዋለሁ። ለትልቋ ግን በእርስዎ በኩል ሰላምታ አልላክሁም። በዚህ ፖስታ ውስጥ ስሟ የተጻፈበት ሌላ ደብዳቤ አለ፤ ሳይከፍቱ ይስጧት።

አክባሪዎ፣ ታናሽ እህትዎ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሁድ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን ተጻፈ።