ስለ ዘጠናው ሚሊዮንና ስለተረሳው መቶ ሠላሳ

ይድረስ ለባንካችን የገንዘብ አስተዳደር ኃላፊ፣ በመስታወቱ ላይ በተለጠፈው መግለጫ ግርጌ ፊርማዎ ለሚታየው ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የእኔን አይጠይቁ፤ ሦስት ቀን በርዎ ላይ የተሰለፈ ጉልበት ጤናው የታወቀ ነው።

በቅድሚያ ላመስግንዎ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የንባብ መለማመጃ ሲቸግረኝ እርስዎ መግለጫውን ለጠፉልኝ፤ እስክጨርሰውም ድረስ ሰልፉን አስረዘሙልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

አንደኛ፤ መግለጫው ባንኩ አስቀማጮች በጠየቁ ጊዜ የሚከፍለው በቂ ገንዘብ እንዳለው ይናገራል። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ግን ያጠራቀምኩትን ላወጣ ብጠይቃት ዛሬም የለም፣ ነገ ይመለሱ ስትለኝ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተሳስታችኋል፤ እሷ ግን ባዶውን መሳቢያ ከፍታ አሳይታኛለች።

ሁለተኛ፤ በቂ ካሰኙት ውስጥ ከሌሎች ባንኮች የምትሰበስቡት ዘጠና ሚሊዮን አለበት። እሰየው። ከሥሩ ግን፣ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ባነበብኳት ደቃቅ ጽሑፍ፣ ለእነዚያው ባንኮች የምትከፍሉት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን በስሌቱ እንዳልገባ ሰፍሯል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይመጣልኛል ያልኩትን ዘጠኝ ሜትር ጨርቅ ቆጥሬ የምመልሰውን አሥራ ሦስት ሜትር ብረሳ፣ የአራት ሜትር ባለዕዳ እንጂ ባለጨርቅ አልባልም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት የሂሳብ ዘዴ መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የቀረውን በቁጥር ማስቀመጥ ነውር ይሆንብኛል። ያ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የታናሽ እህቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍያ ነበር። ቀጠሮዋ ትናንት አለፈ። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀጠሮ የሰጣት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ብርሃኗ እስከዚያ ስለመቆየቱ ግን ማረጋገጫ አልሰጠም። ምስኪን፣ እንደ እርስዎ ደፋር አይደለም፤ የሌለውን አለ ብሎ አይፈርምም።

ሹመትዎ ይርዘም፣ መስታወትዎም ሁልጊዜ የተወለወለ ይሁን እያልኩ፣

በትሕትና እጅ የምነሣ፣ በሰልፉ አርባ ሦስተኛዋ፣ በጣቷ ሳይሆን በብዕሯ የፈረመች ልብስ ሰፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኪሱ ተቀደደ ብለው የላኩልኝን ኮትዎን እንዳለ ለበር ጠባቂው መልሻለሁ። ከእንግዲህ የእርስዎን ኪስ አልሰፋም።