ትንሿ እሳት የጠፋች ቀን

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አዲሱን ውል ከመፈረምህ በፊት እንዲደርስህ ብዬ ነው። እማዬ ሁሉን ነግራኛለች። የምትሠራበት ካምፕ ውስጥ ማዕድ ቤቶቹን እየጠገንክ እንድትቆይ ጠይቀውሃል፤ አንተም «ልጅቷ በገዛ ቤቷ እንግዳ ከምትሆን እኔ እዚሁ ብቀር ይሻላል» ብለሃታል። ይህን ስትነግረኝ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ልጣጩ ግን እንደ ወትሮዋ ስስ አልነበረም፤ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ነበር የምትጥለው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ባለፈው ስትደውል እማዬ ስልኩን አቀበለችኝ። «ደህና ነሽ?» አልክ፤ «ደህና» አልኩ። «ሥራስ?» አልክ፤ «ደህና» አልኩ። ከጀርባህ ድስት ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር። «በይ እሺ» ብለህ ዘጋህ። ስልኩን እንደመለስኩ ልልህ የነበረው ሁሉ ተሰልፎ መጣ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ቃል የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። እጅ ጽሑፌ ባያምር አትፍረድብኝ፤ ትምህርቴን የት እንዳቆምኩት ታውቃለህ።

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ጠፋች።

እማዬ እንዳልነግርህ አደራ ብላኝ ነበር። «እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሐሳብ ብቻ ነው የምንሰጠው» ነው ያለችው። ግን ይህን ሳልነግርህ ሌላውን መናገር አልችልም። ማንም አልተጎዳም፤ አስቀድሜ ይህን ልበልህ።

ስቶቩን ያመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከተዘጋው ምግብ ቤት ገዝተኸው ከተሸካሚዎች ጋር ስትመጣ በራችን አላስገባ ብሎ በሩን ከማጠፊያው ነቅለኸው ነበር። እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ስቶቩን ነው ቤት የምናስገባው ወይስ ቤቱን ስቶቩ ውስጥ?» አለችህ። ጓሮ አስቀምጠህ የምግብ ቤቱን ቅባት ሁሉ ፋቅህለት። ከዚያ አንድ ቀን ክዳኑን አንስተህ ጠራኸን። ከአራቱ ምድጃዎች መሃል የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ እሳት ቆማ ነበር። «ፓይለት ትባላለች» አልክ። እማዬም፣ «ታዲያ ወዴት ልትበር ነው?» አለች። እኔ ሳቄን በእጄ ሸፈንኩት፤ አንተ ግን አይተኸኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ትንሿ ሆነ።

እማዬ ግን ለረጅም ጊዜ አልወደደቻትም። «ባዶ ቤት እሳት ትቼ አልወጣም» እያለች አጥፍታት ትወጣ ነበር። አንተ ከሥራ ስትገባ ሰላም ከማለትህ በፊት ጎንበስ ብለህ በክዳኑ ቀዳዳ ታይና ዝም ብለህ መልሰህ ትለኩሳታለህ። «ይሄ ሰው ያገባው እኔን ነው እሷን?» ትልህ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ እማዬም ለመደቻት። ክብሪትም ከቤታችን ጠፋ። ማዞሪያውን ከፍተን ድስቱን ጥደን መሄድ ነው፤ ትንሿ ታቀጣጥለዋለች። የሆነው የሆነው እንግዲህ በዚህ ልማድ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ወተት ገነፈለ። እማዬ ላዩን ወለወለችው፤ ወተቱ በክዳኑ ሥር ገብቶ ትንሿን እንዳጠፋት አላየችም። ከሰዓት በኋላ ለሾርባ ውሃ ጣደች፣ ማዞሪያውን ከፈተች፣ ዝናብ ሊጥል ስለሆነ የታጠበውን አንሶላ ልታነሳ ወደ ጓሮ ወጣች። በክብሪት የሚጠቀም ሰው ቆሞ እሳቱ መያዙን ያያል። እኛ ቤት ግን ማንም ቆሞ አይቶ አያውቅም። አንተ ነህ እንዳናይ ያደረግከን፣ በጥሩ ሥራህ። ይህን የምልህ ለወቀሳ አይደለም።

እኔ ከስፌት ቤቱ ቀደም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ክር አልቆ አሠሪዬ «ሂጂ ዛሬ በቃ» ብላኝ። በፊት ለፊት በር ስገባ ሸተተኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነው። እውነቴን ነው፤ ጋዝ ሲሸተኝ ፊቴ የመጣው የአንተ ጀርባ ነው።

ምክንያቱን አሁን ልነግርህ ነው። ስትሠራ ከኋላህ ደረጃው ላይ እየተቀመጥኩ መፍቻ እንደማቀብልህ ታውቃለህ። አንድም ቀን ዞረህ «ገባሽ?» ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ፊትህን ለስቶቩ ሰጥተህ ከእሱ ጋር እንደምታወራ ሆነህ ነበር የምታስተምረኝ። «ይህቺ የመዳብ ዘንግ አለች አይደል፣ ትንሿ ስታሞቃት ጋዙን ትከፍትላታለች፤ ትንሿ ስትጠፋና ዘንጓ ስትበርድ ትዘጋዋለች። ግን ይህ ለትንሿ ለራሷ ጋዝ ብቻ ነው። ምድጃዎቹን የሚዘጋቸው የሰው እጅ ነው።» ደግሞ ትንሽ ቆይተህ፣ «ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በር ነው የሚያስወጣው።» ብትዞርና ብታየኝ ኖሮ አፍሬ እሄድ እንደነበር ገብቶህ ነበር። ሌላ ሰው ዝምታዬን ሊያስለቅቀኝ ይሞክራል። አንተ ግን ጀርባህን ሰጥተህ ቦታ ለቀቅክልኝ።

ማዕድ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን በጓሮው በር አንሶላ ታቅፋ እየገባች ነበር። እንደምታውቀው ወሬዋን ሳትጨርስ በር አትገባም። እማዬ ከውጭ፣ «በሞቴ ውሃው ፈልቶ እንደሆነ እይልኝ» አለቻት። ሽታውን ገና ልብ ያላለችው ሬዲዮ ድስቱን አየችና፣ «ኧረ እሳቱስ አልተያያዘም። ቆይ እኔ ላይተር አላጣም» ብላ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች።

«አትለኩሺ!» አልኩ።

ጋሼ፣ ድምፁ ከእኔ መውጣቱን ያወቅኩት ሁለቱም ስለደነገጡ ነው። ሬዲዮ ላይተሩን እንደያዘች ቀረች። ሄጄ እጇን ያዝኩት። «ይውጡ፣ እባክዎ ወደ ጓሮ ይውጡ» አልኳት፤ አሁን አንቱታው ተመልሶልኝ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ማዞሪያውን ዘጋሁ። የጓሮውን በር እስከ ግድግዳው ገፋሁት፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ የፊቱንም በር ከፈትኩ። መብራት አልነካሁም። ከዚያ ዞሬ በውጭ በኩል ሄጄ ሲሊንደሩን ዘጋሁት። ሲሊንደሩን ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ በሳጥን ውስጥ ያስቀመጥክ ጊዜ እማዬ «ምን ያንከራትተናል» ብላ ነበር። አሁን አትልም።

ጓሮ ቆመን ጠበቅን። ዝናቡ ጀመረን፤ ማንም ግን መጠለያ ፍለጋ አልሄደም። ሬዲዮ አንሶላውን እንደ ሻሽ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ አፍጥጣ ታየኝ ጀመር።

«አትለኩሺ?» አለችኝ። «አንቺ ነሽ እኔን አትለኩሺ የምትይኝ? እናትሽን የሚያህል ሰው?»

«ይቅርታ እትዬ። አምልጦኝ ነው።»

«ይቅርታሽን ያዢው። ይልቅ ይሄን ድምፅ የት ደብቀሽው ኖሯል? እኔ እኮ ምላስ ያልሠራልሽ ነበር የሚመስለኝ።»

«እትዬ፣ ላይተሩን ኪስዎ ይመልሱት፣ እባክዎ።»

«መልሻለሁ፣ መልሻለሁ። እንዴት ያለች ፖሊስ ናት ይቺ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እየሳቀችም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አሁን ታሪኩን ሰምቷል። መጨረሻ የደረሰኝ ወሬ እሷን ጀርባዬ ላይ አዝዬ አወጣኋት የሚል ነው። ክብደቷን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዳመናት አላውቅም።

እማዬ ግን የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛ ነበር። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለችኝ። «ከፍቼ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው።»

ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቆየን። ወለሉ ላይ በርከክ ብዬ አሸተትኩ፤ እንዳልከው ታች ነው የሚቆየው። ከዚያም በኋላ ደግሞ ጠበቅን። ክዳኑን አንስቼ ወተቱን አጸዳሁ። ከሬዲዮ ክብሪት ተውሼ፣ አራቱም ማዞሪያዎች መዘጋታቸውን አይቼ፣ ሲሊንደሩን ከፈትኩ። ትንሿን ልለኩስ ተቀመጥኩ። የአንተን ቃል እየደገምኩ ማውራት ጀመርኩ። «መጀመሪያ ክብሪቱ ይቅደም፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫን። ወዲያው አትልቀቅ፤ ዘንጓ እስክትሞቅ ያዝ። አሁንም ያዝ። ቀስ ብለህ ልቀቅ።» ለቀቅኩ። ትንሿም ሳትጠፋ ቆመች።

እማዬ ከኋላዬ፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ።

«ከስቶቩ ጋር።»

«እሱም እንዲሁ ነበር» አለች። «ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ ይሄ ሰው ብቸኝነቱ ከብረት ጋር አስወራው እያልኩ አዝን ነበር።»

«ከእኔ ጋር ነበር የሚያወራው» አልኳት።

ስለ ውሉ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ ድንቹን እየላጠች።

«እንግዳ» ያልከው ከምን እንደመጣ ገብቶኛል። ሬዲዮ አዲስ ጎረቤት ሆና የገባች ሰሞን ስቶቩን ልታይ መጥታ ነበር፤ አንተ ከኋላው ተኝተህ እግርህ ብቻ ይታይ ነበር። «አባትሽ ነው?» አለችኝ። «አባቴ አይደለም» አልኩ። መፍቻው ቆመ። መቆሙን ሰማሁት። አንተም የሰማኸው ያቺን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ያልኩት ያቺን ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ያ እውነት ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። አባት ነበረኝ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። አንተ ቤታችን ስትገባ የተሰነጠቀውን መስታወቱን አውጥተህ ማንም ሳይልህ አዲስ ያስገባህለት ሰው ነህ። ስለዚህ በእሱ ስም አልጠራህም፤ አንተም የምትፈልገው አይመስለኝም። ግን ንግግሬ ገና አላለቀም ነበር። የቀረው ምን እንደሆነ ያኔ አላውቀውም፤ ስፈልገው ፊቴ ቀላ፣ ወጥቼም ሄድኩ። አሁን አውቄዋለሁ። አባቴ አይደለም፣ ጋሼ ነው። ለሌላ ሰው ጋሼ ብዬ አላውቅም፤ ልብ ብለህ ከሆነ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ስም ሳልጠራ ነው የማልፈው። ያቺን ቃል ያወጣኋት ለአንተ ብቻ ነው።

አንተ ስትገባ ከክፍሉ የምወጣውም አንተን ሸሽቼ አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ አንዱ መናገር አለበት ብዬ ስለማስብ ነው። መጋረጃው ኋላ ሆኜ ስትሠራ እሰማሃለሁ። ስታፏጭ የምትስታትን ቦታ እንኳ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የምትስተው። ከሄድክ ጀምሮ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እኔ ጸጥታ እወዳለሁ፣ ይህኛውን ግን አልወደድኩትም። በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።

እንግዲህ ውሉ የአንተ ነው። ሥራው ጥሩ ከሆነና ልብህ እዚያ ከሆነ ፈርም፤ አልቀየምህም። ለእኔ ስትል ግን አትፈርም። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ወተት ወዲህ የኋላው የግራ ምድጃ ከትንሿ እሳት አይቀበልም። ይዘገይና በኋላ ቡፍ ብሎ ይነሳል። እንዲህ ሲያደርግ ሁለተኛ እንዳይከፈት ማዞሪያውን በቀይ ክር አስሬዋለሁ። እሳቷን የምታደርሰው ቀጭኗ ቱቦ ወተት ደርቆባት ይመስለኛል። መርፌ ሞልቶኛል፤ ግን ቀዳዳዋ በመርፌ ከሰፋች አትድንም ስላልክ አልነካኋትም። እማዬ ትናንት፣ «ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጠጋኝ ልጥራው እንዴ?» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኳት። «ባለቤት አለው።»

እስክትመጣ በሦስቱ እናበስላለን።

የቤትህ ልጅ