ከጋቢናው ወንበር ስር ያለው ሞተር

የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አምቦ

የልጅ ልጄ ሌንሴ፣ እንዳልኩሽ ጻፊ፤ ቃሌን አታለስልሺው።

እንደ ልጄ እንደ ገመቹ ሚኒባስ ያሉትን መኪኖች፣ ሞተራቸው እሳት ሊያስነሳ ይችላል ብሎ ፋብሪካው በውጭ አገር እየጠራ ይጠግናል። ትናንት ከስልክሽ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

«አባዬ፣ የጠሩት የፈረንጆቹን ነው። የእኛን ማን ይጠራል?» አለኝ። የሸጠለትም ነጋዴ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎታል። የእኛ ጢስ ለማንም አይሸትም ማለት ነው።

ይባስ ብሎ «ሽማግሌ ነህ፣ ጋቢና ግባ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ሞተሩ እኮ ከዚያው ወንበር ስር ነው! እዚህ አገር የሚያከብሩትን ሰው እሳት ላይ ያስቀምጡታል። አልገባም አልኩና ለተሳፋሪው ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

አንዷ ቅቤ ነጋዴ «ኦቦ ደበላ፣ የጌዶ ገበያ ሳይበተን እሳቱም ቢሆን ያድርሰን!» አለች። ሳቁ። አንድም ሰው አልወረደም።

ገመቹ እኔ የተውኩትን ወንበር ለአንዲት እርጉዝ ሰጣት፤ እንደ ወጉ፣ በአክብሮት። ደሜ ፈላ። «ልጄ፣ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ» አልኳትና ራሴ ገባሁበት። እስከ ጌዶ መቀመጫዬ እየጋለ ሄድኩ።

መኪናው ከቆመ የገመቹ ልጆች የሚበሉት እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገም ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ። መንደዱ ካልቀረ አባቱን ጎኑ አስቀምጦ ይንደድ።