የልቤን ምት ትቶ እርምጃዬን ስለቆጠረው ሰዓት

ለተከበሩ የልብ ምት ቆጣሪ ሰዓት አምራች ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ስልክ ይዘን ተራችንን ስንጠብቅ ሳይታክት የሚዘፈንልን ያ ሙዚቃችሁ ደኅና ነው? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በጣም ደኅና ነኝ። ይህን የምልዎት ግን የሰው ጣት አምኜ እንጂ የእናንተን ሰዓት ጠይቄ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልብ እንዲሉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ የሰው ወገብ ስለካ የራሴን ወገብ መለካት ረስቼ ኖሬ፣ አምና ሐኪሜ የደም ግፊቴን አይተው መሮጥ ቢጀምሩ ይሻላል፣ ልብዎን ግን እንዳያስጨንቁት አሉኝ። አባቴ በልብ ሕመም ነው ያረፉት፤ ስለዚህ በእኛ ቤት ስለ ልብ ሲወራ ማንም አይቀልድም። ባለቤቴና ልጄ ተመካክረው ሰዓታችሁን ስጦታ አመጡልኝ። ልጄ ደግሞ በትምህርት ቤቷ ወላጅና ልጅ አብረው የሚሮጡበት ቀን ስላለ አብሬያት እንድሮጥ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ወዲህ ሱሪዋን እንዳሳጥርላት ካልሆነ በቀር አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅምና፣ እሺ ያልኩት ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነው።

እነሆ አቤቱታዎቼ፦

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ብርዱ ጣት በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ሶምሶማ እየሮጥኩ ነበር። ፍጥነቴን ለመገመት እንዲረዳዎ፣ ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት በእርጋታ ቀድመውኛል። በዚህ ጊዜ ሰዓታችሁ የልቤ ምት መቶ ሰባ አራት መድረሱን ገልጾ፣ በቀይ ጽሑፍ ወዲያውኑ እንዳቆም አዘዘኝ። አቆምኩ። ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና አባቴን አሰብኩ። ከዚያ ልነሣ ብል ተመልሼ ወደቅሁ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ በካርቶን ያራግብልኛል፣ አንዷ ውሃ ስጡት ትላለች፣ ሌላው ውሃ እንዳትሰጡት ይላል። በታክሲ ጭነው የባለቤቴ ታላቅ እህት በነርስነት ወደምትሠራበት ክሊኒክ አደረሱኝ። እሷም ሁለት ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳርፋ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረችና፣ “ምን ሆነህ መጣህ? እንዲያውም ልብህ ከእኔ ልብ ይሻላል” አለችኝ።

ባለቤቴ ግን እህቷን ከምታምን ሰዓቱን አመነች። ደረጃ መውጣት ተከለከልኩ፤ ጥቅል ጨርቅ ማንሳት ተከለከልኩ፤ ጎረቤታችን ቀልድ ሲጀምር እንኳ “ኧረ አታስቀው!” ትላለች። ልጄ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቀስ ብላ፣ “ግድ የለም አባዬ፣ ዘንድሮ ይቅር፤ አልሮጥም” አለችኝና ስለ ሩጫው ማንሳት ተወች። ክቡር ሆይ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ይልቅ ልቤ ላይ የቀረው ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደውዬ ሳመለክት የመጀመሪያው ሰዓቱን አጥፍቼ እንዳበራው መከሩኝ፤ አጥፍቼ አበራሁ። ሁለተኛዋ እጄን እንድታጠብ ነገሩኝ፤ ጥንቃቄ አይከፋም ብዬ ገላዬንም ታጠብኩ። ሦስተኛው ክንዴ ላይ የሰዓቱን ቆጠራ የሚያሳስት ንቅሳት እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ እንደሌለኝ ሳስረዳቸው፣ “እንግዲያው ችግሩ ከልብዎ ሊሆን ይችላል” አሉኝ። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ነበርና ይህችን ቃል ባለቤቴ ሰማቻት። ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ልብ አውልቅ ደንበኛ መሆኔን አልክድም፤ ነገር ግን የሰው ልብ ሳያዩ እንዲህ በልበ ሙሉነት መናገር ትልቅ ተሰጥኦ ነውና ለኝህ ሠራተኛዎ የደረጃ ዕድገት እንዲሰጧቸው እጠቁማለሁ።

በማግስቱ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ልቤ ተመረመረ። ምንም የለብዎትም፣ ይሩጡ አሉኝ። ባለቤቴ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ግን አሁንም ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነበር።

ሦስተኛ፤ በሱቄ መጋረጃ በመኪና እየሰፋሁ ሳለ፣ እጄ ከመኪናው ጋር ስለሚንቀጠቀጥ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ሰዓታችሁ ግሩም ሩጫ ስላደረግኩ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ስለ ማበረታቻው አመሰግናለሁ። ነገሩ ቢገርመኝ ሰዓቱን ፈትቼ እጅጌ የምተኩስበት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ላይ አሰርኩት። ክቡር ሆይ፣ ሰዓታችሁ ለእንጨቱ የልብ ምት አገኘለት! ሰባ አንድ። ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ ስትገባ እንጨቱን አሳየኋት። መጀመሪያ እንጨቱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን፤ ከዚያም ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “የእንጨቱስ ካንተ የተረጋጋ ነው” ስትል ያለፉት ሳምንታት ከትከሻዋ ሲወርዱ አየሁ።

አራተኛ፤ እሑድ ዕለት ነርሷ ቤታችን መጣችና ከቤታችን ጀርባ ባለው መንገድ አስሮጠችኝ። መጀመሪያ እርምጃዬን አሳጥሬ ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ አርዝሜ ቀስ ብዬ። እያስቆመችኝ በጣቷ ስትቆጥር የልቤ ምት ብዙም አልተለወጠም፤ የሰዓቱ ቁጥር ግን እግሬን ተከትሎ ይወጣል፣ እግሬን ተከትሎ ይወርዳል። “ይሄ ነገር እኮ ልብህን ትቶ እግርህን ነው የሚቆጥረው” አለች። እንዳስረዳችኝ፣ ከሰዓቱ ሥር ያለው መብራት በቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም እያየ ይቆጥራል፤ ሰዓቱ ከላላ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይዘልላል፣ መብራቱም ዝላዩ የደም ምት ይመስለዋል። እኔ ደግሞ እንደ አምባር አላልቼ፣ አጥንቱ ላይ፣ በብርድ በደነዘዘ እጅ ነበር የማስረው። የላላ ልብስ ልክ እንደማያሳይ ስንቱን ደንበኛ የመከርኩ ሰው!

ከአንጓው አጥንት በሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አወጣችው፣ ሳያፍን እንዳይነቃነቅ አጠበቀችው፣ ከሥሩ ያለውን ላብና ቅባት ጠረገችው፣ እጄንም ቤት ውስጥ አሟሙቄ እንድወጣ አዘዘችኝ። ቁጥሩ ወርዶ ከጣቷ ጋር ተስማማ። “ከተጠራጠርክ ቆመህ ራስህ ቁጠር፤ እየሮጥክ ማውራት ከቻልክ አልበዛብህም፤ ደረትህን ካመመህ ወይ ካዞረህ ግን ሰዓቱ ምንም ቢል አቁም” ብላ ጨረሰች። ይህ ሁሉ ትምህርት የወሰደው ጊዜ ከሙዚቃችሁ ያጥራል። ከሰዓቱ ጋር በሰጣችሁን ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ግን የመስታወቱን ቀለም ስለመቀያየር ሰፊ ምዕራፍ እንጂ ይህን አላገኘሁም።

ልጄን ለምኜ ለሩጫው አስመዘገብኳት። እኩሌታው ላይ ስንደርስ በላብ ማሰሪያው ተንሸራትቶ ኖሮ ሰዓቱ እንደገና ቀላ። ልጄ አይታው ክው አለች፤ “አባዬ፣ እንቁም፣ በናትህ እንቁም!” ቆምን። ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እሷ እየሰማች ቆጠርኩ። ደኅና ነበር። ቀስ ብለን መሮጥ ስንጀምር ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ “ያን ቀን ዳቦ ቤቱ ጋ ስትወድቅ፣ እኔ ሩጥ ስላልኩህ ነው ብዬ ነበር” አለችኝ። ለካስ ልጄ ሩጫውን የተወችው ተቀይማኝ አልነበረም፤ ገደልኩት ብላ ነበር።

“ልጄ፣ የታመመው ሰዓቱ ነው፤ እኔማ ሩጥ ስላልሽኝ ዳንኩ” አልኳት። ከዚያ እስከ መጨረሻው መስመር ስታወራልኝ ሮጥን፤ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ሒሳብ ፈተናዋ፣ ለእናቷ እንዳልነግርባት ስላስማለችኝ አንድ ነገርም ጭምር። ስንገባ ከኋላችን የነበሩት ሁለት ሰዎችና ውሃ የሚያድለው መኪና ብቻ ናቸው። ባለቤቴ ግን አንደኛ የወጣን ያህል ትጮህ ነበር።

ስለዚህ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሰዓታችሁ በትክክል ቢሠራ ኖሮ ያን መንገድ ሁለታችንም ቁጥር እያየን ዝም ብለን እንጨርሰው ነበር። ልመናዬም ሁለት ብቻ ነው፦ አስተሳሰሩን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ከሰዓቱ ጋር ይጨመር፤ ሠራተኞችዎም ችግሩ ከልብዎ ነው ከማለታቸው በፊት ማሰሪያው መጥበቁን ይጠይቁ።

የድርጅታችሁ ዕድሜ እንዲረዝም፣ የደንበኞቻችሁም እንዲሁ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ታማኝና ታጋሽ ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በሙሉ ንቃት ስጽፍ ሳለ፣ ሰዓታችሁ ከባድ እንቅልፍ ላይ ነዎት የሚል መልእክት አሳይቶኛል። ከእናንተ ክፍል ሠራተኞች ከአንዱ ጋር አምታትቶኝ እንደሆነ ስለገመትኩ፣ በዚህኛው ቅሬታ አላቀረብኩም።